«አልቀበልም» ያለው የቤታችን ኮምፒዩተር
ለጥገና ከመሄዳችሁና «ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት በቤት ልታደርጉት የምትችሉት

ይህ ነገር በብዙ ቤት የሚሆን ነው። ኮምፒዩተሩ በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ወይም ውጭ አገር ያለች እህት «ለልጆቹ ትምህርት ይሁን» ብላ የላከችው ላፕቶፕ ነው። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባል አንድ ፕሮግራም ሊጭን ይቀመጣል። መስመሩ እየሞላ እየሞላ ይሄድና መሐል ላይ ይቆማል። ከዚያም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዓረፍተ ነገርና አንድ ቁጥር ብቅ ይላል። ደግሞ ይሞክራል፤ ያው ነው። ባል «ልጆቹ ነካክተውት ነው» ይላል፤ ሚስት «አንተ ባለፈው ከሰው ፍላሽ የገለበጥከው ነገር ነው» ትላለች። ኮምፒዩተሩ ዝም ብሏል፤ ክርክሩ ግን ቀጥሏል።

አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ባለሙያው ከመንገዱ ማዶ ይገኛል። ማንኩሳ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ኮምፒዩተሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ታክሲ ላይ በጭን ይዞ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ መውረድ ማለት ነው። እዚያ ሲደረስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። በዚህች በአንዲት ቃል የሠርጉ ፎቶግራፍ፣ የመጀመሪያው ልጅ ሲድህ የተቀረጸው ቪዲዮ፣ የሟች እናት ድምፅ፣ የኅብረቱ የቁጠባ መዝገብ ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ኮምፒዩተር በገንዘብ ይተካል፤ እነዚህ ግን በምንም አይተኩም።

እንግዲህ ወደ ጥገና ከመሄዳችሁ በፊት በቤታችሁ ተቀምጣችሁ፣ ያለ ምንም ወጪ፣ በተራ ልታዩአቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አብዛኛው ችግር ከእነዚህ ከአንዱ አይወጣም።

በመጀመሪያ መልእክቱን ጻፉት

ሰው ሲናደድ የሚመጣውን መልእክት ሳያነብ ይዘጋዋል። ይህን አታድርጉ። አንዳችሁ ስክሪኑን ያንብብ፣ ሌላው በወረቀት ይጻፍ፤ ወይም በሞባይል ፎቶ አንሡት። ያ ቁጥር ትርጉም አለው። ለምሳሌ 1618 የሚለው ቁጥር «ሌላ ፕሮግራም በመጫን ላይ ነውና ጠብቁ» ማለት ነው። መብራት በመሐል ጠፍቶ የተቋረጠ ሥራ ካለ ይህ መልእክት ሊመጣ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩን ሪስታርት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በ80070070 የሚያልቀው ረጅም ቁጥር «ቦታ የለኝም» ማለት ነው። 1603 ግን ብዙ ምክንያት ያለው ጥቅል መልስ ስለ ሆነ ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ በተራ ማየት ይጠይቃል።

ሪስታርት የሚለውን ቃል አትናቁት። ኮምፒዩተሩ ለሳምንታት ሲከደንና ሲገለጥ ብቻ ከቆየ ያልተጠናቀቁ ሥራዎች ይከማቹበታል። ዝም ብሎ አጥፍቶ ማብራት በአዳዲሶቹ ዊንዶውስ ላይ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው አያስጀምርም፤ «ሪስታርት» የሚለውን መርጦ መጫን ይሻላል።

ዓመተ ምሕረቱ የማን ነው?

ይህ በእኛ አገር ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቀን ሲያይ «ተሳስቷል» ብሎ ወደ እኛ አቆጣጠር ያስተካክለዋል። በቀና ልብ የተደረገ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ቀን ነው። የእኛ ዘመን ከእነርሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ነውና፣ እ.ኤ.አ. 2025 መባል የሚገባውን 2018 ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒዩተሩ በእውነት ወደ ኋላ የሄደ ይመስለዋል።

ይህ ፕሮግራም ከመጫን ጋር ምን ያገናኘዋል? በኢንተርኔት ያሉ ገጾችም ሆኑ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማንነታቸውን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት አላቸው። ሰርተፊኬቱ እንደ መንጃ ፈቃድ ነው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ኮምፒዩተራችሁ ራሱን በ2018 እንዳለ ከቆጠረ፣ በ2025 የተሰጠ ሰርተፊኬት ሲቀርብለት ገና ያልተወለደ ልጅ መታወቂያ እንደ ቀረበለት ያህል ነው። ስለዚህ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም» ይላል፤ ፕሮግራሙን አያወርድም፤ ፈቃዱንም አያረጋግጥም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት በኮምፒዩተሩ 9 ሰዓት ነው። የሰዓት ቀጠናውን ስትመርጡ ዊንዶውስ ላይ «አዲስ አበባ» የሚል አታገኙም፤ «ናይሮቢ» የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። በተለይ ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ የዚያን አገር ሰዓት ይዞ ስለሚመጣ ይህን ማስተካከል አትርሱ። የእኛን ቀን ለማየት ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ይበቃል፤ ሞባይላችሁም ላይ የኢትዮጵያን ካላንደር መጫን ትችላላችሁ።

ቀኑን አስተካክላችሁ፣ በማግሥቱ ስታበሩት ግን ተመልሶ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ካሳየስ? ያኔ ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ የሰዓት ባትሪ አልቃለች። በአብዛኛው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች የ3 ቮልት ባትሪ ናት። ቁጥሩም ስፋቷን 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷን 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቤት ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ባጣ ቁጥር ሰዓቱን የምትጠብቀው እርሷ ናት። ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ክዳኑን ከፍቶ መቀየር ከባድ አይደለም። ላፕቶፕ ከሆነ ግን ለባለሙያ ተዉት።

ቦታ አለው?

ዕቃ የሞላበት ጎተራ ተጨማሪ እህል አይቀበልም። «ሲ» የሚባለውን የዲስኩን ክፍል ተመልከቱ፤ መስመሩ ቀይ ከሆነ ምክንያቱን አግኝታችኋል። በውጭ አገር በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ላፕቶፖች ማከማቻቸው 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ ስለ ሆነ ዊንዶውሱ ራሱ ቤቱን ይሞላዋል።

በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ስቶሬጅ» ብላችሁ ግቡ። «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለው ውስጥ ሊጠፉ የሚችሉ ነገሮች ተዘርዝረው ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ! በዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚልም ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው ከስልክና ከቴሌግራም ያወረደውን ፎቶና መዝሙር የሚያስቀምጠው እዚያው ነው። ያለውን ሳታዩ ምልክት አታድርጉበት። «ሪሳይክል ቢን» የሚለውንም ከመጥረጋችሁ በፊት አንዳችሁ ለሌላው «የምትፈልገው ነገር አለ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። በትዳር ውስጥ ብዙ ጠብ የሚቀረው በእንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ ነው።

ግማሽ የደረሰ መጫኛ

ከኢንተርኔት የወረደ መጫኛ በመሐል ኔትወርክ ከተቋረጠ ወይም መብራት ከጠፋ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ስሙም ምልክቱም ሙሉ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ያወረዳችሁበት ገጽ ላይ የተጻፈውን መጠን እናንተ ጋ ካለው ጋር አስተያዩ። እዚያ 300 ሜጋባይት ተብሎ እናንተ ጋ 180 ከሆነ ኮምፒዩተሩን አትውቀሱት፤ ደግማችሁ አውርዱ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ መጫኛ በጣም ትንሽ ነው፤ ሲከፈት ዋናውን ዕቃ ከኢንተርኔት የሚያመጣ ተላላኪ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ባዶ እጁን ይመለሳል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም መገባደጃ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ እንዲህ ያለውን ትንሽ መጫኛ በፍላሽ ይዞ ወደ ቤት የተመለሰ ሰው ምን ሊሠራበት ይችል ነበር? ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ ዘመድ እንዲያወርድላችሁ ስትጠይቁ «ኦፍላይን መጫኛውን» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። እርሱ ሙሉውን የያዘ ነው።

ፍላሹ ከሰው እጅ ሲመጣ ደግሞ ሳትከፍቱት በፀረ ቫይረስ መርምሩት። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ዲፌንደር የሚባል ፀረ ቫይረስ ያለ ክፍያ አብሮ ይመጣል። ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው ካያችሁ ቫይረስ ነው። ይሁን እንጂ አትደንግጡ፤ «ባዶ ሆኗል» ብላችሁም ፎርማት አታድርጉት። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። «ቪው» በሚለው ሥር «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ስታበሩ ሊታዩ ይችላሉ።

ለእርሱ ያልተሠራ ፕሮግራም

የአዋቂ ጫማ ለሕፃን እግር አይሆንም። ኮምፒዩተራችሁ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» በሚለው ግቡና «ሲስተም ታይፕ» የሚለውን አንብቡ። 32 ቢት ከሆነ ለ64 ቢት የተሠራ ፕሮግራም ፈጽሞ አይጫንበትም። 64 ቢት ከሆነ ግን አብዛኛውን የ32 ቢት ፕሮግራም ይቀበላል።

ዕድሜውም ይታሰብ። የዊንዶውስ ኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም፣ የዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም አብቅቷል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አበቃ። ድጋፍ ማብቃት ማለት ኮምፒዩተሩ በማግሥቱ ይቆማል ማለት አይደለም፤ ፕሮግራም ሠሪዎች ግን አንድ በአንድ ይተዉታል። ለምሳሌ ጉግል ክሮም ከ2015 ዓ.ም አጋማሽ ወዲህ የሚወጡት ቅጂዎች በዊንዶውስ 7 ላይ አይጫኑም። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ለዚያ ዊንዶውስ የተሠራውን የቀድሞ ቅጂ መፈለግ ነው። ካልሆነ ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚስማማ፣ በነፃ የሚሰጥ እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ሲስተም ማሰብ ነው።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የያዘ፣ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው ሲዲ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ «አይሠራም» ይላችሁ ይሆናል። አንዳንድ የዚያን ዘመን መጫኛዎች 16 ቢት ናቸው፤ 64 ቢት የሆነ ዊንዶውስ ደግሞ እነርሱን አይቀበልም። ነገር ግን ለአማርኛ ሲባል ብቻ ያንን ሲዲ መፈለግ ቀርቷል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ ኪቦርድና «ኒያላ» የተባለ ፎንት ይዞ መጥቷል። ዛሬ «ላንጉዌጅ» በሚለው ውስጥ አማርኛን መርጦ መጨመር ይበቃል። «ኪማን» የሚባለውም መጻፊያ በነፃ ይገኛል። በድሮው ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ስትከፍቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ዝብርቅርቅ ቢሆንባችሁ፣ ጽሑፉ ጠፍቷል ብላችሁ አትሰርዙት። የተጻፈበት ፎንት ሲጫን ይመለሳል።

ከውጭ በስጦታ ለመጣ ላፕቶፕ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ክሮምቡክ ነውን? ክሮምቡክ ዊንዶውስ አይደለም፤ ለዊንዶውስ የተሠራ መጫኛ አይቀበልም። ሁለተኛ፣ «አባውት» በሚለው ቦታ «ኤስ ሞድ» የሚል ተጽፎበታልን? እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጪ የሚመጣውን ፕሮግራም ሁሉ አይቀበልም። «አክቲቬሽን» በሚለው ሥር ካለው መንገድ በነፃ መውጣት ይቻላል፤ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፣ ከወጡም በኋላ መመለስ የለም። የላከችውን እህት «የተበላሸ ዕቃ ላከችብን» ብላችሁ ከማማታችሁ በፊት ይህን እዩ።

የይለፍ ቃሉ የማን ነው?

ኮምፒዩተር ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ ያውቃል፤ አስተዳዳሪና መደበኛ ተጠቃሚ። መደበኛው ይጽፋል፣ ያነባል፣ ያያል፤ ብዙውን ፕሮግራም ለመጫን ግን የአስተዳዳሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። መጫኛው ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ረን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ብትመርጡ የይለፍ ቃል ይጠይቃችሁ ይሆናል። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ «በድርጅታችሁ የሚተዳደር ነው» የሚል መልእክት ካያችሁ ግን የቀድሞው መሥሪያ ቤት ቁልፉን አልለቀቀም ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁ።

ለልጆች መደበኛ ተጠቃሚ መክፈት ጥሩ ነው፤ ያገኙትን ጨዋታ ሁሉ እንዳይጭኑ ይጠብቃል። በባልና በሚስት መካከል ግን የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል የአንዱ ብቻ ሲሆን መልካም አይደለም። አንዱ በሥራ ምክንያት ባሕር ዳር ቢሰነብት ሌላው የቤቱን ኮምፒዩተር መጠቀም ሊያቅተው ነው። ሁለታችሁም እወቁት፤ በወረቀት ጽፋችሁም ከቤቱ ሰነዶች ጋር አስቀምጡት።

«ክራኩን» በተመለከተ

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። አንዳንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩ «አልቀበልም» የሚለው እውነቱን ስለሆነ ነው። በብዙ ብር የሚሸጥ ፕሮግራም ከሰው ፍላሽ ይገለበጥና ቁልፉን የሚሰብር «ክራክ» የሚባል ነገር አብሮ ይመጣል። መመሪያው «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፉ» ይላል። አስቡት፤ ማንነቱን የማታውቁት ሰው «ዘበኛውን አሰናብቱና በሩን ክፈቱልኝ» ቢላችሁ ትከፍታላችሁ? የይለፍ ቃላችሁን የሚሰርቅ፣ ፎቶግራፎቻችሁን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

ከአደጋውም ባሻገር የኅሊና ጉዳይ አለ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሥራ ይጠብቀዋል። የዘማሪው ካሴት ሲባዛ «ላቡ ነው» ብለን እንቆረቆር የለምን? የፕሮግራም ሠሪውም ላብ ነው። ስለ ስርቆት የተሰጠው ትእዛዝ በዓይን የማይታየውን ዕቃ ለይቶ አልተወውም። ልጆቻችን ደግሞ ከምንነግራቸው ይልቅ በስክሪኑ ፊት ስንሠራ የሚያዩትን ይማራሉ።

ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነው ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። ለዚህም ነው በነፃ የተሰጡትን ማወቅ የሚጠቅመው። ለጽሑፍና ለሂሳብ መዝገብ ሊብረ ኦፊስ፣ ለቪዲዮና ለመዝሙር ቪኤልሲ፣ ለፎቶ ማስተካከያ ጂምፕ፣ በአምልኮ ጊዜ የመዝሙር ግጥም በፕሮጀክተር ለማሳየት ኦፕን ኤልፒ አሉ። ሁሉም ያለ ክፍያና ያለ ክራክ የሚጫኑ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን የሚዲያ ክፍል አባላትም ይህን ብታስቡበት መልካም ነው።

ፎርማት የግድ ቢሆንስ?

ሁሉንም ሞክራችሁ አልሆነ ይሆናል። ቫይረሱ ሥር ሰድዶ ወይም ዊንዶውሱ ተበላሽቶ ፎርማት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያኔ ቸኩላችሁ አትስጡ።

በመጀመሪያ ሁለታችሁም ተቀመጡና የሚቀመጠውን ዘርዝሩ። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስና ዳውንሎድስ የሚባሉት አብዛኛውን ጊዜ ያሉት «ሲ» ውስጥ ነው፤ ሲፎርማት አብረው ይጠፋሉ። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» መባሉን ብቻ አትመኑ፤ እጅ ሊሳሳት ይችላል። ሁሉንም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ገልብጡ። ከዚያም ያንን ዲስክ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ ጥቂት ፎቶግራፎችን ከፍታችሁ እዩ። ተገልብጧል ማለትና ይከፈታል ማለት አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የማትፈልጉት ዓይን እንዲያየው የማትሹት ፎቶና ደብዳቤ ካለ ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት አውጡት። የባልና ሚስት ነገር የባልና ሚስት ነው።

ሦስተኛ፣ ለባለሙያው የጻፋችሁትን ቁጥርና የሞከራችሁትን ንገሩት። «ወንድሜ፣ ሳትጠይቀን ፎርማት እንዳታደርገው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ ሥራውን ያቀልለታል።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. የቤታችን ፎቶግራፎች ያሉት በአንድ ቦታ ብቻ ነው? ዛሬ ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ ምን ይቀረናል?
2. የይለፍ ቃሉን ሁለታችንም እናውቃለን?
3. በኮምፒዩተራችን ላይ በክራክ የተጫነ ፕሮግራም አለ? በምን ልንተካው እንችላለን?
4. አንድ ዕቃ በተበላሸ ጊዜ መጀመሪያ የምንፈልገው መፍትሔውን ነው ወይስ ጥፋተኛውን?

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ኮምፒዩተር ብቻ አይደለም። ባትሪዋ ያለቀችበት ሰዓት ያስነሣው ጠብ፣ ባትሪዋ ከተቀየረች በኋላም በቤት ውስጥ ሊቆይ ይችላልና። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አብራችሁ ተቀመጡ፤ አንዳችሁ አንብቡ፣ አንዳችሁ ጻፉ። በመጀመሪያ ግን በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን እዩት።